ምስሉን በቁጥር ልጥራው ወይስ «ከታች ያለው» ልበል? በእንግሊዝኛ ስንጽፍ አንባቢን ወደ ምስል መምራት

በእንግሊዝኛ በሚጻፍ ቲሲስ ወይም የፕሮጀክት ሪፖርት ውስጥ ምስል ማስገባት ቀላሉ ሥራ ነው። ኮፒ፣ ፔስት፣ አለቀ። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጽሑፉ ምስሉን ጭራሽ ሳያነሳው ያልፋል። ወይም «ከታች እንደሚታየው» ይልና ምስሉ ሁለት ገጽ አልፎ ይገኛል። ወይም ጽሑፉ ስለ ፊገር 4 ያወራል፣ ምስሉ ሥር ደግሞ ፊገር 5 ተብሏል። አድቫይዘር በቀይ ያከብበዋል። አድቫይዘር ካለፈው ኤግዛማይነር በዲፌንስ ቀን ያነሳዋል።

እንግሊዝኛ አንባቢን ወደ ምስል የሚመራባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው። ብዙ ሰው ግን አንዷን ይለምድና እሷኑ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ይደጋግማታል። እዚህ አማራጮቹን ጎን ለጎን አስቀምጬ የትኛው የት እንደሚሻል ልናገር። ስመርጥ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ምስሉ ከቦታው ሊነቃነቅ ይችላል ወይ? ዓረፍተ ነገሩስ ሊናገር የፈለገው ስለ ምስሉ ነው ወይስ ምስሉ ስለሚያሳየው ነገር? የእንግሊዝኛ ሐረጎቹን እንደሚነበቡ በፊደላችን እጽፋቸዋለሁ።

ባለቤት፣ መግቢያ ወይስ ቅንፍ?

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። የአዲስ አበባን ወርሃዊ የዝናብ መጠን የሚያሳይ ግራፍ አለን እንበል። ቁጥሩ ፊገር 3 ነው። ዝናቡ የሚበረታው በጁላይና በኦገስት እንደሆነ ከግራፉ ይነበባል። ይህን ለመጻፍ ሦስት ዋና መንገድ አለ።

አንዱ ምስሉን የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ማድረግ ነው፦ «ፊገር 3 ሾውዝ መንዝሊ ሬይንፎል ኢን አዲስ አበባ»። ሰዋስዉ ንጹሕ ነው። ነገር ግን ስለ ዝናቡ ገና ምንም አልተባለም። አንባቢው «እሺ፣ ታዲያስ?» ይላል። መልሱን ለመስጠት ሌላ ዓረፍተ ነገር መከተል አለበት፤ ብዙ ጊዜ ግን አይከተልም። ቻፕተር 4 ላይ እያንዳንዱ አንቀጽ «ፊገር 4 ሾውዝ»፣ «ፊገር 5 ሾውዝ»፣ «ፊገር 6 ሾውዝ» እያለ የሚጀምር ቲሲስ አይታችሁ ይሆናል። የሠርግ አልበም እየገለጡ «ይሄ አጎቴ ነው፣ ይቺ ሚዜዋ ናት» እንደማለት ነው። ሁሉም ይታያል፣ ነገር አይነገርም።

ሁለተኛው በመግቢያ ሐረግ መጀመር ነው፦ «አዝ ሾውን ኢን ፊገር 3፣ ሬይንፎል ፒክስ ኢን ጁላይ ኤንድ ኦገስት»። እዚህ ነገሩም ተነግሯል፣ ምስሉም ተጠርቷል። ጉድለቱ ዓረፍተ ነገሩ ወደ ቁም ነገሩ ከመድረሱ በፊት አራት ቃል መብላቱ ነው። አንድ ሁለቴ ሲሆን አይከብድም። በየአንቀጹ ሲሆን ግን ያሰለቻል። እኛ ይህን ሐረግ ከሌላው አብልጠን እንወደዋለን፤ «በሥዕሉ እንደሚታየው» ማለት የለመድን ሰዎች ስለሆንን ይመስለኛል።

ሦስተኛው ቅንፍ ነው፦ «ሬይንፎል ፒክስ ኢን ጁላይ ኤንድ ኦገስት (ፊገር 3)»። ነገሩ ቀድሞ ይነገራል። ምስሉ እንደ ማስረጃ መጨረሻ ላይ ይቆማል። ማየት የፈለገ ያያል፣ ያልፈለገ ሳይደናቀፍ ያልፋል። አብዛኛውን ጊዜ የምመርጠው ይህን ነው። ሌላም ጥቅም አለው። ቅንፍ ውስጥ ለመክተት መጀመሪያ አንድ የሚባል ነገር ሊኖራችሁ ይገባል። ግራፉ ምን እንደሚል ያላወቀ ጸሐፊ በቅንፍ መጻፍ ይቸግረዋል።

ቅንፍ ምን ያህል ትልቅ ነገር መሸከም እንደሚችል ማየት የሚፈልግ ሰው የጄምስ ዋትሰንንና የፍራንሲስ ክሪክን ጽሑፍ ይመልከት። የዲኤንኤን ቅርጽ ያስተዋወቀው ይህ ጽሑፍ በኤፕሪል 25 ቀን 1953 እ.ኤ.አ. ኔቸር መጽሔት ላይ ወጣ። ርዝመቱ ከአንድ ገጽ ብዙም አይበልጥም። ሁለት ጥምዝ ሰንሰለቶች በአንድ ዘንግ ዙሪያ እንደሚጠመጠሙ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገሩና መጨረሻው ላይ በቅንፍ «ሲ ዳያግራም» (ሥዕሉን ተመልከት) ብለው ያልፋሉ። በቃ። በሳይንስ ታሪክ ስሙ ከገነነው ሥዕል ጋር አንባቢን ያገናኙት ሁለት ቃላት ናቸው። ቁጥር እንኳ አልሰጡትም፤ ጽሑፉ ውስጥ ያለው ምስል እሱ ብቻ ስለሆነ ቁጥር አላስፈለገም። ሥዕሉን የሣለችው የክሪክ ባለቤት ኦዲል ክሪክ ነበረች።

ታዲያ ምስሉን ባለቤት ማድረግ መቼ ይሻላል? ምስሉ ራሱ መተዋወቅ ሲኖርበት። የቻፕተር 2 መጨረሻ ላይ የሚመጣው ኮንሴፕቹዋል ፍሬምወርክ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሳጥኖቹና ቀስቶቹ ራሳቸው ጉዳዩ ናቸው፤ ስለዚህ «ፊገር 1 ፕሬዘንትስ ዘ ኮንሴፕቹዋል ፍሬምወርክ» ብሎ መጀመር ተገቢ ነው። የጥናቱ አካባቢ ካርታም እንደዚያው። የወረዳዋን ካርታ በቅንፍ ደብቆ ማለፍ ነውር ባይሆንም አንባቢው ካርታውን እንዲያይላችሁ ከፈለጋችሁ ፊት ለፊት ጥሩት።

ቅንፍ ውስጥ «ሲ» ይግባ ወይስ ይቅር? «(ሲ ፊገር 3)» እና «(ፊገር 3)» ሁለቱም ይሠራሉ። ምስሉ የተናገራችሁትን ነገር በቀጥታ የሚያሳይ ከሆነ «ሲ» አያስፈልግም። ምስሉ ተጨማሪ ማብራሪያ ከሆነ ወይም ወደ ሌላ ምዕራፍ የምትልኩት ከሆነ «ሲ» ያምራል።

ግሱን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። «ሾውዝ» ለሁሉም ይሆናል፤ ለውጥ ለማምጣት ብቻ ብላችሁ አትሽሹት። «ኢለስትሬትስ» ለሐሳብ ወይም ለአሠራር ማሳያ ነው። «ዲፒክትስ» ለሥዕልና ለፎቶ ይቀርባል። «ኮምፔርስ» ሁለት ነገር ጎን ለጎን ሲኖር ነው። «ሰጀስትስ» ግራፉ ወደ አንድ መደምደሚያ ሲያዘነብል፣ ጸሐፊው ግን እርግጠኛ ሳይሆን ሲቀር ነው። «ፕሩቭዝ» ይቅርባችሁ፤ ግራፍ ያሳያል እንጂ አያረጋግጥም። «ዲስከስስ»ም አይሆንም፤ ምስል አይወያይም። ጥናቱ የተካሄደው አምና ቢሆንም «ፊገር 3» ዛሬም ገጹ ላይ አለ፤ ስለዚህ ግሱ በአሁን ጊዜ ይቆያል። ዝናቡ ግን በኃላፊ ጊዜ ሊነገር ይችላል።

ደጋግመው የሚታዩ አራት ግድፈቶች

እነዚህ ከአማርኛ ይዘናቸው የምንሄድ ናቸው። ጨዋ አድቫይዘር ያርማቸዋል፣ የጆርናል ኤዲተር ግን እነሱን አይቶ ስለ ቀሪው ጽሑፍ መጠርጠር ይጀምራል።

«አዝ ኢት ኢዝ ሾውን ኢን ፊገር 3» የሚለው ውስጥ «ኢት ኢዝ» ትርፍ ነው። «አዝ ሾውን ኢን ፊገር 3» በሉ። «አዝ ኢት ካን ቢ ሲን» የሚለውም እንዲሁ፤ «አዝ ካን ቢ ሲን» ነው ትክክሉ። እኛ «እንደሚታየው» ስንል ባለቤቱን በግሱ ውስጥ ስለምናስገባው፣ እንግሊዝኛ ላይ ስንደርስ አንድ ባለቤት የጎደለ ይመስለንና እንሰካበታለን።

«ኦን ዘ ፒክቸር» እና «ኦን ዘ ፊገር» ሌላው ነው። እኛ «ፎቶው ላይ ያለው ሰውዬ» እንላለን። እንግሊዝኛ ሰውዬውን ፎቶው ውስጥ ያስገባዋል፦ «ኢን ዘ ፎቶ»፣ «ኢን ፊገር 3»፣ «ኢን ዘ ቴብል»። ካርታ ግን ለየት ይላል፤ «ኦን ዘ ማፕ» ነው የሚባለው። «ኦን ፔጅ 12»ም እንደዚያው።

«ኢን ዘ ፊገር 3» ውስጥ «ዘ» አይገባም። ቁጥር ካለ ስሙ የተጸውዖ ስም ያህል ሆኗል። ቁጥር ከሌለ ግን «ኢን ዘ ፊገር» ነው፣ ያኔ «ዘ» ግድ ነው።

«ሪፈር ፊገር 3» ደግሞ «ቱ» ጎድሎታል። «ሪፈር ቱ ፊገር 3» በሉ። ካልሆነ «ሲ» አለላችሁ፤ አጭርም ነው፣ አያሳስትም።

ቁጥር ወይስ አቅጣጫ?

«ዘ ፊገር ቢሎው»፣ «ዘ ቴብል አባቭ»፣ «ዘ ፎሎዊንግ ማፕ»። ከታች፣ ከላይ፣ ቀጥሎ ማለት ነው። ወርድ ላይ ስትጽፉ እውነት ነው፤ ምስሉ ከታች ነው። ነገ አንድ አንቀጽ ስትጨምሩ ግን ምስሉ ወደ ቀጣዩ ገጽ አናት ይሸሻል፣ «ከታች» የተባለው ቦታም ነጭ ባዶ ይሆናል። ጆርናል ላይ ሲወጣ ደግሞ ምስሉን የት እንደሚያስቀምጠው የሚወስነው አሳታሚው ነው። ኤፒኤ የተባለው የአጻጻፍ ስልት በዚህ ምክንያት «ከላይ»፣ «ከታች» እና «ገጽ 32 ላይ ያለው ምስል» ማለትን አይፈቅድም። ቁጥሩን ጥሩ ይላል። እኔም ለቲሲስና ለጆርናል በዚህ እስማማለሁ፤ ቁጥር የትም ቢሄድ ቁጥር ነው።

ነገር ግን አቅጣጫ ሁልጊዜ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ገጹን የሚያቀናጀው ሰውና ጽሑፉን የሚጽፈው ሰው አንድ ቤት ውስጥ ከሆኑ አቅጣጫ ከቁጥር ይበልጣል። የእንግሊዝኛ ጋዜጦችና መጽሔቶች ፊገር ምናምን ብለው አይቆጥሩም። ፎቶው ሥር «አባቭ»፣ «ሌፍት»፣ «ፍሮም ሌፍት» ይላሉ። አራት ፎቶ አንድ ላይ ከሆነ «ክሎክዋይዝ ፍሮም ቶፕ ሌፍት» ይሉና ከላይኛው ግራ ጀምረው በሰዓት ቆጣሪ አዞር ይዘረዝራሉ። ኢኮኖሚስት መጽሔት ደግሞ በጽሑፉ መሐል በቅንፍ «ሲ ቻርት» ይላል፤ ከአንድ በላይ ከሆኑ ብቻ 1፣ 2 እያለ ይቆጥራቸዋል። ለኒውስሌተር፣ ለብሮሸርና ለድርጅት ዓመታዊ መጽሔት ይህን መንገድ ውሰዱ። «ፊገር 1» የሚል ቃል የልጆች ፈገግታ ካለበት ፎቶ ሥር ሲታይ አይመችም።

የእንግሊዝኛ መጻሕፍት የራሳቸው አቅጣጫዎች አሏቸው። «ኦቨርሊፍ» ማለት ቅጠሉን ስትገልጡት በጀርባው ማለት ነው። «ፌሲንግ ፔጅ» ፊት ለፊት ያለው ገጽ ነው። መሐል ላይ በሚያብረቀርቅ ወረቀት ተለይተው የታተሙ ፎቶዎች «ፕሌት» ይባላሉ፤ ቁጥራቸውም ከፊገር ተለይቶ ለብቻው ይሄዳል። በፒዲኤፍ ለሚነበብ ነገር «ኦቨርሊፍ» አትጻፉ። ስክሪን ላይ የሚገለጥ ቅጠል የለም።

ምስሉ አንድ ብቻ ከሆነስ? ያኔ ቁጥርም አቅጣጫም ይቅር። ቻርልስ ዳርዊን በ1859 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ስለ ዝርያዎች አመጣጥ በሚናገረው መጽሐፉ ውስጥ ያለው ሥዕል አንድ ብቻ ነው፤ ዝርያዎች እንዴት እንደሚለያዩ የሚያሳይ የቅርንጫፍ ሥዕል። ዳርዊን የጠራው «ዘ አካምፓኒይንግ ዳያግራም» ብሎ ነው፣ ከጽሑፉ ጋር የተያያዘው ሥዕል ለማለት። በዚያች አንድ ሥዕል ላይ ያሉትን ዝርያዎች በትልልቅ ፊደላት ከኤ እስከ ኤል ሰይሟቸው፣ ገጽ በገጽ «ኤ» እና «አይ» እያለ ያወራባቸዋል። ውጪውን በስም፣ ውስጡን በፊደል። ለአንድ ገጽ ማስታወሻ ወይም ለአጭር ሪፖርት ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላውቅም።

የአይልትስ (የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና) ተፈታኞች ደግሞ ይህን ልብ በሉ። የአካዳሚክ ራይቲንግ ታስክ 1 ጥያቄ ብዙ ጊዜ «ዘ ቻርት ቢሎው ሾውዝ» ብሎ ይጀምራል። እነሱ «ቢሎው» ያሉት ቻርቱ ከጥያቄያቸው በታች ስላለ ነው። የእናንተ መልስ ወረቀት ላይ ግን ከታች ምንም ቻርት የለም። ስለዚህ «ቢሎው»ን ገልብጦ መጻፍ ትርጉም የለውም፤ ከጥያቄው መገልበጥም ነጥብ አያስገኝም። «ዘ ቻርት ኮምፔርስ» ብላችሁ ጀምሩ። «ዘ ጊቨን ቻርት» የሚለውም ከማጠናከሪያ ትምህርት ቤት የመጣ ልማድ ነው፤ «ዘ ቻርት» ካላችሁ የትኛው እንደሆነ ይታወቃል። ሁለት ምስል ከተሰጣችሁ በዓይነታቸው ለዩዋቸው፦ «ዘ ባር ቻርት»፣ «ዘ ፓይ ቻርት»። ቢያንስ 150 ቃል በ20 ደቂቃ ገደማ ለሚጻፍ ነገር ቁጥር መስጠት አያስፈልግም።

«ፊገር» ወይስ «ፊግ.»? ትልቁ ኤፍ ወይስ ትንሹ?

እዚህ ላይ ምርጫው የእናንተ አይደለም፤ የምትጽፉለት ቦታ ነው የሚመርጠው። ልዩነቱን ግን ማወቅ ይጠቅማል፣ ምክንያቱም ከአራት ጆርናል አራት ዓይነት አይተው ግራ የሚጋቡ ብዙ ናቸው።

ኤፒኤ ሙሉውን ቃል በትልቁ ኤፍ ያስጽፋል፦ «ፊገር 3»። አያሳጥርም። የኢንጂነሪንጉ አይ ትሪፕል ኢ ደግሞ ሁልጊዜ ያሳጥራል፦ «ፊግ. 3»፣ ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ላይም ቢሆን። ኔቸር መሐል ላይ ያሳጥርና ዓረፍተ ነገር ሲጀምር ሙሉውን ይጽፋል። ቺካጎ የተባለው የአጻጻፍ ስልት ዓረፍተ ነገሩ መሐል ሙሉውን ቃል በትንሹ ኤፍ ያስጽፋል፣ ቅንፍ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ያሳጥረዋል። ለሥነ ጽሑፍና ለቋንቋ ዲፓርትመንቶች የሚያገለግለው ኤም ኤል ኤ በጽሑፉ ውስጥ «ፊግ. 3»ን በትንሹ ኤፍ ይጽፋል፣ በምስሉ ካፕሽን (ከምስሉ ጋር በሚጻፈው ርዕስ) ላይ ግን በትልቁ ይጀምራል።

ካፕሽኑ የት ይቀመጥ የሚለውም እንዲሁ ይለያያል። አይ ትሪፕል ኢ ከምስሉ ሥር ያስቀምጠዋል። ኤፒኤ በ2019 እ.ኤ.አ. በወጣው ሰባተኛ እትሙ ቁጥሩንና ርዕሱን ከምስሉ በላይ አወጣቸው፤ በስድስተኛው እትም ግን ከሥር ነበሩ። ስለዚህ የድሮ ቲሲስ ከላይብረሪ አውጥታችሁ አርአያ ካደረጋችሁ፣ ሳታውቁት የቀድሞውን እትም እየተከተላችሁ ሊሆን ይችላል። የዲፓርትመንታችሁ ጋይድላይን ምን እንደሚል ጠይቁ። ምንም ካላለ አንዱን ምረጡና እስከ መጨረሻው በሱ ጽኑ። ገጽ 14 ላይ «ፊገር»፣ ገጽ 20 ላይ «ፊግ.» ማለት ነው አስቀያሚው።

ሁሉም የሚስማሙበት ግን አለ። ቁጥሩ የሚሰጠው በጽሑፉ ውስጥ መጀመሪያ በተጠራበት ቅደም ተከተል ነው። ጽሑፉ ምስሉን የሚጠራው ምስሉ ከመታየቱ በፊት ነው። በጽሑፉ ውስጥ አንድ ጊዜም ያልተጠራ ምስል ካለ፣ ወይ ጥሩት ወይ አውጡት።

ምስሉ ውስጥ ያለውን አንድ ነገር ማሳየት

ይህ ክፍል ከሁሉም ይልቅ ችላ የሚባለው ነው። አንባቢው ፊገር 3 ጋ ደረሰ። እሺ፣ ግን ከአምስቱ መስመሮች የትኛውን ይይ?

ብዙ ጊዜ የምናገኘው መልስ ቀለም ነው፦ «ዘ ሬድ ላይን»። ኮምፒውተራችሁ ላይ በጣም ግልጽ ነው። ቲሲሱ ግን ኮፒ ቤት ይሄዳል፣ የቀለም ፕሪንት ይወደዳል፣ ስለዚህ በጥቁርና ነጭ ታትሞ ይጠረዛል። ቀዩም አረንጓዴውም ግራጫ ሆነው ይመጣሉ። ኤግዛማይነሩ «ዘ ሬድ ላይን» የሚለውን ያነብና ወደ ግራፉ ዞሮ አምስት ግራጫ መስመር ያያል። በዚያ ላይ ቀይና አረንጓዴን መለየት የሚያዳግታቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም፤ የሰሜን አውሮፓ ዝርያ ካላቸው ወንዶች ከ12 አንዱ ገደማ እንዲህ ነው። ስለዚህ መስመሮቹን በቅርጽም ለዩዋቸው። አንዱ ድፍን፣ አንዱ የተቆራረጠ፣ አንዱ ነጠብጣብ ይሁን። ከዚያ «ዘ ዳሽድ ላይን» ማለት ትችላላችሁ። ከዚህም የሚሻለው በመስመሩ ጫፍ ላይ ስሙን መጻፍና በጽሑፉ ውስጥ በስሙ መጥራት ነው።

ምስሉ ክፍል ክፍል ካለው ፊደል ስጡት። «ፊገር 2ኤ» እና «ፊገር 2ቢ» ከ«ዘ ሌፍት ፓርት ኦቭ ፊገር 2» ያጥራል፣ ግራ የነበረውም ወደ ላይ ቢወጣ አይበላሽም። አይ ትሪፕል ኢ ፊደሏን በቅንፍ ያደርጋታል፤ ሌሎች እንዲሁ ይለጥፏታል።

ለሐኪሞችና ለሜዲካል ተማሪዎች ግራና ቀኝ ልዩ አደጋ አላቸው። የደረት ኤክስሬይ ሲቀርብ በተለመደው አቀማመጥ የታካሚው ቀኝ በተመልካቹ ግራ በኩል ነው። እና «ኦን ዘ ሌፍት» ብትሉ የማን ግራ? የምስሉ ነው የታካሚው? በአካሉ ክፍል ስም ጥሩት፦ «ኢን ዘ ሌፍት ላንግ»። ያኔ የታካሚው ግራ ሳምባ መሆኑ ያከራክር ዘንድ አይችልም። ቀስት ምስሉ ላይ አድርጉና በቅንፍ «ፊገር 2፣ አሮው» በሉ። የሕክምና ጆርናሎች የሚያደርጉት እንዲህ ነው፤ ከአንድ በላይ ነገር ካለ አንዱን በቀስት፣ ሌላውን በኮከብ ምልክት ይለዩታል።

የቡድን ፎቶ ላይ ደግሞ «ፍሮም ሌፍት» ይበቃል። «ፍሮም ሌፍት ቱ ራይት» ማለት ትርፍ ነው፤ ከግራ የጀመረ ወደ ቀኝ እንጂ ወዴት ይሄዳል?

ድረ ገጽና ስልክ

ድረ ገጽ ላይ አቅጣጫ ዋጋ ያጣል። ኮምፒውተር ላይ በስተቀኝ የነበረው ፎቶ ስልክ ላይ ሲከፈት ከጽሑፉ ሥር ይወርዳል። «ዘ ፎቶ ኦን ዘ ራይት» ያነበበ ሰው በስተቀኙ የሚያገኘው የስልኩን ጠርዝ ነው። የድረ ገጽ ደረጃዎችን የሚያወጣው ደብሊው 3 ሲ በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጣው የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያም በቅርጽ፣ በመጠን፣ በቀለም ወይም በቦታ ብቻ የሚመራ ትእዛዝ እንዳይሰጥ ይላል። ስክሪን ሪደር (ገጹን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም) የሚጠቀም ማየት የተሳነው አንባቢ «በስተቀኝ ያለው» ቢባል ምን ያደርጋል? ምስሉን በይዘቱ ጥሩት፦ «ዘ ማፕ ኦቭ ላሊበላ»፣ «ዘ ፎቶ ኦቭ ዘ ብሪጅ»። አልት ቴክስቱንም (ምስሉን በቃላት የሚገልጸውን ጽሑፍ) አትዝለሉ፤ ስክሪን ሪደሩ የሚያነበው እሱን ነው።

ሊንክ ስታደርጉ «ክሊክ ሂር» አትበሉ። ስክሪን ሪደር ሊንኮቹን ብቻ ለይቶ ሲዘረዝር «ክሊክ ሂር፣ ክሊክ ሂር፣ ክሊክ ሂር» ይሆናል። ሊንኩን «ፉል ሳይዝ ማፕ» በሚለው ቃል ላይ አድርጉት።

ኢሜይልም ተመሳሳይ ነው። የተያያዘ ፎቶ «አታችድ» ነው፣ መሐል ላይ የገባ ግን አይደለም። አንዳንድ የኢሜይል ፕሮግራሞች በጽሑፉ መሐል ያለ ምስልን ላያሳዩ ይችላሉ። ሦስት ፎቶ ከላካችሁ በፋይል ስማቸው ጥሯቸው፤ ስማቸውንም ከመላካችሁ በፊት ቀይሩት። «አይ ኤም ጂ 4471» ለማንም ምንም አይናገርም።

ቁጥሩን በእጅ ልጻፍ ወይስ ኮምፒውተሩ ይቁጠረው?

ምስሎቻችሁ ከአምስት በታች ከሆኑና ጽሑፉ ነገ የሚገባ ከሆነ በእጅ ጻፉ። ከዚያ በላይ ከሆነ አይሆንም። አድቫይዘር «እዚህ ጋ አንድ ካርታ ጨምር» ባለ ቁጥር ከዚያ በኋላ ያሉት ሁሉ ይዛነፋሉ፤ አንዱን አርማችሁ ሌላውን ትረሳላችሁ።

ወርድ ላይ «ሪፈረንስስ» በሚለው ታብ ውስጥ «ኢንሰርት ካፕሽን» አለ፤ ምስሉን በሱ ሰይሙት። ጽሑፉ ውስጥ ስትጠሩት እዚያው ያለውን «ክሮስ ሪፈረንስ» ተጠቀሙ። ምስል ከጨመራችሁ በኋላ ኮንትሮል ኤ፣ ከዚያ ኤፍ 9 ተጫኑ፤ ቁጥሮቹ ይታደሳሉ። አንድ ወጥመድ አለው። የተጠራውን ካፕሽን ካጠፋችሁት በቦታው «ኤረር! ሪፈረንስ ሶርስ ኖት ፋውንድ» የሚል ደማቅ ጽሑፍ ይመጣል። ተጠርዞ ላይብረሪ ከገባ በኋላ የሚያሳፍር ነው።

ላቴክ የተባለውን የጽሑፍ ማቀናበሪያ የምትጠቀሙ «ሌብል»ን ከ«ካፕሽን» ቀጥሎ አድርጉት። ከፊቱ ካደረጋችሁት የምስሉን ሳይሆን የክፍሉን ቁጥር ይዞ ይመጣል። ሁለት የጥያቄ ምልክት ካያችሁ ወይ አንዴ ደግማችሁ ማስኬድ ነው፣ ወይ ስሙን ስትጽፉ ተሳስታችኋል። ላቴክ ምስሉን ደስ ወዳለው ቦታ ይዞት ስለሚሄድ እዚያ «ቢሎው» መጻፍ ጨርሶ አይታሰብ።

በሁለቱም ላይ «ፊገር» መስመር መጨረሻ፣ «3» ቀጣዩ መስመር መጀመሪያ ላይ እንዳይለያዩ አድርጉ። ወርድ ላይ በመሐላቸው ኮንትሮል፣ ሺፍትና ስፔስ አንድ ላይ ተጫኑ። ላቴክ ላይ የቲልዳ ምልክት ናት።

ሲያልቅ ኮንትሮል ኤፍ ተጫኑና «ፊገር» የሚለውን ፈልጉ። እያንዳንዱ ላይ ቆማችሁ ምስሉ በእርግጥ ያላችሁትን ያሳያል ወይ ብላችሁ እዩ። ቀጥሎ «ቢሎው» እና «አባቭ»ን ፈልጉ፣ የተገኙትን በቁጥር ቀይሯቸው። ከዚያ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ በፍላሽ ያዙት። ኮፒ ቤቱ ያለው ወርድ ከእናንተው ቨርዥን የተለየ ከሆነ ገጹም ምስሉም ይሸሻል፤ ፒዲኤፉ ግን ባለበት ይቆያል።